የላፕቶፖቹ ጉዳይ፦ ለሻጩ የምናቀርበውን የጋራ ጥያቄ እንቅረጸው

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማኅበራችን የንባብ ክፍል ስለተገዙት 20 ላፕቶፖች በየስልኩ ከምንነጋገር እዚሁ አንድ ላይ እንጨርሰው። ቅዳሜ ቦርዱ ይሰበሰባል። ከዚያ በፊት አንድ የውሳኔ ሐሳብ መቅረብ አለበት።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ግዢው በሦስት ፕሮፎርማ ተወዳድሮ ነው የተፈጸመው። ያሸነፈው ነጋዴ ፕሮፎርማው ላይ "ኮር አይ 5፣ 8ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ንጹሕ ዩዝድ" ብሎ ነው ዋጋ የሰጠን። የመጣው ግን ሌላ ነው። ስንደውልለት "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል" ይለናል። እውነትም ተጽፏል።

እና ምን እንጠይቅ? ገንዘባችን ይመለስ? ይቀየርልን? ይጠገንልን? ሁሉም የመሰለውን ይጻፍ።

የኮምፒውተር ክፍል አስተባባሪ፦
ሁሉንም አንድ በአንድ ከፍቼ አይቻቸዋለሁ። ችግሩ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለያይተን ካልጠየቅን ሻጩ ያምታታናል።

11ዱ 8ኛ ጀነሬሽን (የፕሮሰሰሩ ትውልድ) አይደሉም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የፕሮሰሰር ቁጥር 6300 ነው። የመጀመሪያው አሃዝ ነው ጀነሬሽኑን የሚናገረው፤ 8ኛ ቢሆን ኖሮ በ8 ይጀምር ነበር። ከላይ የተለጠፈው ስቲከር 8ኛ ነው የሚለው። ስቲከር ደግሞ ማንም ይለጥፋል።

ልዩነቱ ምንድነው ለምትሉ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በመደበኛነት የሚቀበለው ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። 6ኛው ላይ በጓሮ በር መጫን ይቻላል። ግን ማይክሮሶፍት ኃላፊነት አይወስድበትም፣ እኔም የልጆች ማሽን ላይ አልሞክረውም። 8ኛ ብለን የጻፍነው ለጌጥ አልነበረም።

5ቱ ጀነሬሽናቸው ልክ ነው፣ ባትሪያቸው ግን አልቋል። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ሲመረት የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። አምስቱም ከግማሽ በታች ናቸው። መብራት ሲሄድ ወዲያው ድርግም።

አንዱ ደግሞ ያስፈራኛል። ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ የአንድ የውጭ አገር ኩባንያ ስም ያወጣና የሠራተኛ ኢሜይል ይጠይቃል። ማሽኑ በዚያ ኩባንያ የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ውስጥ ተመዝግቦ ቀርቷል ማለት ነው። ዊንዶውስ እንደገና ብትጭኑበትም ያው ይመለሳል። ሊፈታው የሚችለው የቀድሞ ባለቤቱ ብቻ ነው።

የቀሩት 3ቱ ደህና ናቸው።

ገንዘብ ያዥ፦
የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ 20ውም ተመልሰው ገንዘባችን ይመለስ። ከዚህ ሰው ጋር ተደራድሬ ሌላ አሮጌ ዕቃ መቀበል አልፈልግም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። የከፈልነው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጨምሮ ነው። እኛ ታክሱን የምናቀናንስበት መንገድ ስለሌለን የሚመለሰው ከነታክሱ መሆን አለበት። "የዕቃውን ዋጋ ብቻ" የሚል ጨዋታ እንዳይመጣ። ሁለተኛ፣ ዓመታዊ ሪፖርታችን በአዋጅ 1113/2011 መሠረት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይገባል። ኦዲተሩ ዕቃው ለምን ተበላሸ ብሎ አይጨቃጨቅም። "ስታውቁ ምን አደረጋችሁ?" ብሎ ነው የሚጠይቀው። የስልክ ጥሪ ደግሞ ፋይል ውስጥ አይገባም።

አንድ መጥፎ ዜና አለኝ። የዕቃ መረከቢያው ላይ "በሙሉና በደህና ሁኔታ ተረክበናል" ተብሎ ተፈርሟል።

አባል፣ ከሜሪላንድ፦
ይቅርታ፣ እኔ ገንዘቡን ከሰው እየለመንኩ የሰበሰብኩ ነኝ። እዚህ ቢሆን በካርድ ከፍዬ ባንኩን "ያዘዝኩት ዕቃ አልመጣም" ብዬ አስመልስ ነበር። እዚያ ያ ከሌለ ቲክቶክ አለ አይደል? የሱቁን ስም ከነፎቶው እንልቀቀው። በሁለት ቀን ይደውልላችኋል።

ሰብሳቢ፦
እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን ዛሬ ስሙን ካጠፋነው ነገ ምን ይዘን እንደራደራለን? ስም አጠፉ ብሎ እሱ ከሳሽ ይሆንና እኛ መልስ ሰጪ እንሆናለን። ይኼ ከዝርዝሩ ይውጣ።

ወጣት አባል፦
የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ አይደል እንዴ? 813/2006። ጉድለት ያለበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየራል ወይም ገንዘቡ ይመለሳል ይላል። እሱን ጠቅሰን ንግድ ቢሮ እንሂድ። ጋሼ ምን ይላሉ?

ጋሼ (የሕግ አማካሪያችን)፦
ልጄ፣ ማንበብህ ጥሩ ነው። ግን ትርጓሜውን ክፍል ዝለህ አለፍከው። በዚያ አዋጅ ሸማች የሚባለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ የተፈጥሮ ሰው ነው። ማኅበራችን የሕግ ሰውነት ያለው ድርጅት ነው። በዚያ በር ከገባን ሻጩ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው፤ "እናንተ ሸማች አይደላችሁም" ብሎ ጊዜያችንን ይበላል። ወደ ንግድ ቢሮ መሄድን አልከለክልም። ብርታታችን ግን እዚያ አይደለም።

ብርታታችን ውሉ ነው። ፕሮፎርማው፣ የግዢ ማዘዣችንና ክፍያው ተደምረው ውል ናቸው፤ የታሸገ ትልቅ ሰነድ የግድ አያስፈልግም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ዋስ እንዲሆን ያዘዋል። 8ኛ ብሎ 6ኛ ማምጣት ብልሽት አይደለም፣ ሌላ ዕቃ ነው። በደብዳቤው ላይ "ተበላሸ" የሚለውን ቃል ለ11ዱ አትጠቀሙ። "ተበላሸ" ካላችሁ "ማን አበላሸው? የመብራት መዋዠቅ ነው" ይላችኋል። የመብራት መዋዠቅ 8ኛን 6ኛ አያደርግም።

አሁን ዋናው። ገዢ ዕቃውን እንዳገኘ መመርመርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ቁጥር 2292 ነው። ካስታወቀ በኋላ ደግሞ መብቱን የሚጠይቅበት ጊዜ አንድ ዓመት ነው። እስካሁን ያደረግነው ስልክ መደወል ብቻ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ስለዚህ የቦርዱን ቅዳሜ አትጠብቁ። ምን እንደምንጠይቅ ገና ባንስማማም ጉድለቱን የሚያስታውቀው ደብዳቤ ነገ ይውጣ። ጥያቄው በሁለተኛ ደብዳቤ ይከተላል።

"በደህና ሁኔታ ተረክበናል" የሚለው ፊርማ ብዙ አያስጨንቀኝም። በዓይን የሚታየውን ይሸፍን ይሆናል። ሳጥን ሲቆጠር ፕሮሰሰር አይታይም፣ የተሳሳተ ስቲከር ደግሞ የተለጠፈው ሰው እንዲሳሳት ነው። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውም እንዲሁ፤ ሻጭ እያወቀ የደበቀውን ጉድለት እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አያድነውም።

ገንዘብ ያዧ ሁሉም ይመለስ ያልሽው ላይ አልስማማም። ውል ለማፍረስ ጉድለቱ ከባድ መሆን አለበት። 3ቱ ደህና ናቸው፤ እነሱንም መልስ ካልነው ዳኛ ፊት ግትር የምንመስለው እኛ ነን።

ገንዘብ ያዥ፦
ጋሼ፣ 3ቱን ተውኩ። ለ11ዱ ግን ይቀየር ካልን ሌላ ስቲከር የተለጠፈበት ቢያመጣስ?

የኮምፒውተር ክፍል አስተባባሪ፦
እሱ ቀላል ነው። ርክክቡ እኛ ግቢ ይሁን፤ እያንዳንዱ ተከፍቶ የፕሮሰሰር ቁጥሩ፣ ራሙ፣ ዲስኩና የባትሪ ሪፖርቱ ታይቶ፣ መለያ ቁጥሩ ተጽፎ፣ ሁለታችንም እንፈርም። ካላለፈ እዚያው ይዞት ይመለስ።

ባትሪው ላይ ግን እውነቱን ልናገር። ፕሮፎርማው ስለ ባትሪ ምንም አይልም። ዩዝድ ነው የገዛነው። አዲስ ባትሪ ይሰጠን ማለት እንችላለን፣ ግን እንደ 11ዱ ጠንካራ አይደለም።

ጋሼ፦
ትክክል። ላፕቶፕ ያለ ገመድ ካልሠራ ለተለመደው አገልግሎቱ አልዋለም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ "ንጹሕ" የሚለው ቃልም ይረዳናል። ቢሆንም ይቺን ለድርድር ያዟት። ሻጩም አንድ ነገር አሸነፍኩ ብሎ መውጣት ይፈልጋል። ግማሽ ዋጋ ልክፈል ቢል ተቀበሉት።

የማጠናከሪያ ትምህርት አስተማሪ፦
ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፣ ግን ልጆቹስ? የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 በኦንላይን መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የኛ ልጆች ትልቁ ፍርሃት ጥያቄው አይደለም፤ ማውዝ ነው። ኮምፒውተሮቹን የገዛነው ለዚህ ነበር። 11ዱ እኮ ይሠራሉ! ለልምምድ ይበቃሉ። ክርክሩ እስኪያልቅ ልጠቀምባቸው?

ጋሼ፦
አይሆንም ልጄ። በየቀኑ እየተጠቀምንበት "ይህ ያዘዝነው አይደለም" ብንል ማን ያምነናል? ከዚያም አንዱ ቢወድቅ፣ ውሃ ቢፈስበት፣ ተመላሽ አይሆንም።

አስተማሪ፦
ገባኝ፣ ግን ደስ አላለኝም። በ8 ማሽን 40 ልጅ በፈረቃ ነው የማስተምረው ማለት ነው።

የኮምፒውተር ክፍል አስተባባሪ፦
5ቱ ገመድ ላይ ተሰክተው ይሠራሉ፤ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ዩፒኤስ አገኝላቸዋለሁ። 11ዱንና የተቆለፈውን በየሳጥናቸው አድርጌ ንብረት ክፍል አስገባለሁ። ማንም እንዳይከፍታቸው፣ በተለይ "እኔ ላስተካክለው" የሚል የሰፈር ጠጋኝ። ዲስኩ ላይ የልጆች ስምና ውጤት የተጻፈባቸው ካሉ ከመመለሳቸው በፊት አጠፋለሁ።

ወጣት አባል፦
የተቆለፈው የተሰረቀ ቢሆንስ?

ጋሼ፦
ያንን አናውቅም፤ ስለዚህ አንጽፍም። የምንጽፈው "የሌላ ድርጅት ስም ይወጣበታል፣ ልንጠቀምበት አልቻልንም፣ ከየት እንደገባ የሚያሳይ ሰነድ ይቅረብ" ብቻ ነው። ለዚህኛው ጥገና አንቀበልም። ነገ አንድ ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣ ዕቃው እኛ እጅ መገኘት የለበትም።

ሰብሳቢ፦
ሻጩ "እኔም ከአስመጪ ነው የገዛሁት" እያለ ነው።

ጋሼ፦
ከአስመጪው ጋር የራሱ ጉዳይ ነው። ገንዘቡን የተቀበለን እሱ ነው።

ሰብሳቢ፦
ፍርድ ቤት ሳንደርስ የሚያስማማን ቦታ የለም? ንግድ ምክር ቤቱ የግልግል ተቋም አለው ሲባል ሰምቻለሁ።

ጋሼ፦
የአዲስ አበባው አለው። ግን ግልግል በሁለቱም ወገን ስምምነት ነው። ፕሮፎርማው ላይ እንዲህ ያለ ቃል የለም፤ አሁን እሱም ካልፈረመ አይሆንም። በደብዳቤው ላይ "ፈቃደኛ ነን" ብላችሁ ጨምሩ፤ እምቢ ካለ እሱ ነው እምቢ ያለው።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ ያላችሁትን ሰብስቤ ረቂቁን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

"ማኅበራችን በፕሮፎርማችሁ መሠረት ከገዛቸው 20 ላፕቶፖች መካከል 11ዱ 8ኛ ጀነሬሽን ሳይሆኑ 6ኛ ሆነው ስለተገኙ ከውሉ ጋር አይስማሙም። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በፕሮፎርማው ልክ በሆኑ 11 ላፕቶፖች እንዲተኩ እንጠይቃለን። ካልተተኩ የ11ዱን ውል አፍርሰን ዋጋቸው ከነተጨማሪ እሴት ታክሱ እንዲመለስ እንጠይቃለን። የሌላ ድርጅት ስም የሚወጣበት አንድ ላፕቶፕ ተወስዶ ዋጋው እንዲመለስ። የ5ቱን ባትሪ በተመለከተ እንዲቀየሩ እየጠየቅን ለመነጋገር ዝግጁ ነን። ርክክቡ በማኅበሩ ግቢ በጋራ ፍተሻ ይሆናል። በግልግል ለመጨረስም ፈቃደኞች ነን።"

የያንዳንዱ ላፕቶፕ መለያ ቁጥርና የስክሪኑ ፎቶ አባሪ ይሆናል።

ጋሼ፦
ጥሩ ነው። "ማስጠንቀቂያ" የሚለው ቃል ርዕሱ ላይ ይግባ። ቁጥር 1772 ውል አልተፈጸመም ብሎ ለመከራከር መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፤ 10 ቀኑም ያኔ ትርጉም ይኖረዋል።

አባል፣ ከሜሪላንድ፦
ቲክቶኩን ትቻለሁ። ለሰጪዎቹ ግን ምን ልበላቸው? እየጠየቁኝ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
የደብዳቤውን ኮፒ ላኪላቸው። እውነቱን ይወቁ፤ ከኛ ይስሙት እንጂ ከሌላ አይስሙ። እኔ አንድ የምጨምረው አለኝ፦ የመመለሻና የማምጫ ትራንስፖርት በሻጩ ይሁን።

ጸሐፊ፦
ተጨምሯል። የማስታወቂያው ደብዳቤ ነገ ጠዋት በሁለት ኮፒ ይወጣል፤ ሰብሳቢው ይፈርማል። ወጣቱ ይዞት ሄዶ አንዱ ላይ "ደርሶኛል" አስብሎ ያስፈርም። አልፈርም ካለ እዚያ አትከራከር፤ ቀጥታ ፖስታ ቤት ሄደህ በአደራ ደብዳቤ ላከውና ደረሰኙን ለገንዘብ ያዧ ስጣት። ሁለተኛው ደብዳቤ፣ ማለትም ጥያቄያችን፣ ቅዳሜ ቦርዱ ካጸደቀው በኋላ ሰኞ ይወጣል።