ከ«ካይንድ ኦፍ ብሉ» ቀጥሎ ምን ልስማ?

ጥያቄ፦ የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» (እ.ኤ.አ. 1959) ደጋግሜ ሰማሁት፤ በጣም ወደድኩት። አሁን ወጣ ያለ፣ ሙከራ ያለበት ጃዝ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አልበሙ ላይ የተጫወቱትን ሰዎች ተከተል። እኔ አዲስ ሙዚቃ የማገኘው እንደዚህ ነው። ሳክስፎን የተጫወተው ጆን ኮልትሬን በ1965 «ኤ ላቭ ሱፕሪም»ን አወጣ። በኋላ አብሮት የተጫወተው ሳክስፎኒስት ፋሮአ ሳንደርስ ደግሞ በ2021 ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኛው ፍሎቲንግ ፖይንትስና ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር «ፕሮሚስስ»ን ሠራ። አንድ አጭር ዜማ እየተመላለሰ ከ40 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። በጆሮ ማዳመጫ፣ ሳታቋርጥ ስማው። ሳክስፎኑ ዝም ሲል ራሱ ጆሮዬ እሱን ይጠብቃል።

ሌላ መልስ፦ የጆን ኮልትሬን ባለቤት የነበረችውን የአሊስ ኮልትሬንን «ጆርኒ ኢን ሳቺዳናንዳ» (1971) እንዳትዘለው! ሃርፑን እሷ ትጫወታለች፤ ሳንደርስም አለበት።

ጠያቂው፦ ዛሬ ማታ በ«ፕሮሚስስ» እጀምራለሁ። ተባረኩ!