የእማዬ ግፊትና ከአሜሪካ የመጣው የወተት ክኒን

የኮተቤዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ግፊት እንዳለባት ካወቅን ሁለት ዓመት ሆነን። ኤናላፕሪል ጠዋትና ማታ ትወስዳለች። ስትጀምር 165 በ100 ነበረች፣ አሁን 135 በ85 አካባቢ ደርሳለች። ቤት ውስጥ ራሴ ነኝ የምለካት።

ባለፈው ወር አጎቴ ከዋሽንግተን ሲመጣ አንድ ብልቃጥ ክኒን ይዞላት መጣ። ከወተት ፔፕታይድ የተሠራ፣ ለደም ግፊት የሚሆን ይላል። «ከተፈጥሮ ነው፣ ምንም አይጎዳሽም» አላት። ከዚያ ወዲህ ልቧ ሸፍቷል። ትናንት ማታ የኤናላፕሪሉን ፍሬ ስቆጥር አራት ቀን ሙሉ እንዳልዋጠች አወቅኩ። ስለካት 158 በ96። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እውነት ከወተት የሚገኝ ነገር ግፊት ያወርዳል? የሚያወርድ ከሆነስ አክስቴ ከሰላሌ የምትልክልን እርጎ አይበቃትም? እማዬ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላት፤ ክኒኑ በጾም ይዋጣል ወይ ትላለች።

ባለታክሲው፦
እህቴ፣ ዛሬውኑ መድኃኒቷን አስጀምሪያት። አባቴ «ደህና ነኝ፣ ምንም አያመኝም» ብሎ የግፊት መድኃኒቱን ተወ። ነጭ ሽንኩርት በማር ይበላ ነበር። በሦስተኛው ወር ጠዋት ጫማውን ሲያስር ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ይሄው አራት ዓመቱ፣ ቀኝ እጁ እስካሁን ኩባያ አይይዝም። ግፊት አያምም። ሰውን የሚያታልለው እሱ ነው።

ከፋርማሲ፦
ሰላም የኮተቤዋ። ፋርማሲስት ነኝ፣ መድኃኒት ቤት ስሠራ 11 ዓመቴ ነው። ይሄ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣብኛል።

አጎትሽ ውሸት አልነገራትም። ነገሩ መሠረት አለው። ወተት ውስጥ ኬዚን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ አይብ የሚሆነው እሱ ነው። ፕሮቲንን እንደ ረጅም መቁጠሪያ አስቢው። ፔፕታይድ ማለት ከዚያ የተበጠሱ ጥቂት ዶቃዎች ናቸው። ላክቶባሲለስ ሄልቬቲከስ የሚባል ባክቴሪያ ወተት ሲያረጋ ኬዚኑን ይቆራርጠዋል። ካልፒስ የሚባለውን የረጋ ወተት መጠጥ የሚሠሩት ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1995 ከዚያ ውስጥ ሁለት ቁራጮች ለይተው አወጡ። እያንዳንዳቸው ሦስት አሚኖ አሲድ (ዶቃዎቹ ማለት ነው) ብቻ ናቸው። አንዱ ቫሊን፣ ፕሮሊን፣ ፕሮሊን ነው። ሌላው በቫሊን ፈንታ አይሶሉሲን ይዟል።

ሰውነታችን ውስጥ የደም ሥር የሚያጠብብ አንጂዮቴንሲን የሚባል ነገር አለ። እሱን የሚያዘጋጅ ኤንዛይም አለ። ኤናላፕሪል የሚያግደው ያንን ኤንዛይም ነው። የወተቱ ቁራጮችም በላብራቶሪ ያንኑ ያግዳሉ፣ ጉልበታቸው ግን ከመድኃኒቱ ጋር አይወዳደርም። (የመድኃኒቱ ዘር ራሱ ከፔፕታይድ ነው የመጣው። የኤናላፕሪል ቀዳሚ ዘመድ የሆነው ካፕቶፕሪል የተፈለሰፈው በብራዚል እባብ መርዝ ውስጥ የተገኘ ፔፕታይድ ተጠንቶ ነው። ይሄ ሁሌ ይገርመኛል።)

ሰው ላይስ? እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ የጃፓን ጥናት ግፊት ያለባቸው አረጋውያን በቀን 95 ሚሊ ሊትር የረጋ ወተት ለ8 ሳምንት ጠጡ። የላይኛው ቁጥር በ14 ገደማ ወረደላቸው። ደስ ይላል። ግን ሰዎቹ 30 ብቻ ነበሩ። ደግሞ ይሄን ለእማዬ አንብቢላት፦ አብዛኞቹ የግፊት መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነበር። ማንም ትቶ አይደለም የጠጣው። በኋላ አውሮፓ ውስጥ ሲሞከር ውጤቱ በጣም አነሰ፤ ጭራሽ ለውጥ ያላዩም አሉ። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣንም መርምሮት ግፊት ማውረዱ አልተረጋገጠም ብሏል።

የሰላሌው እርጎ የሚረጋው በወተቱና በዕቃው ውስጥ ባለው ባክቴሪያ ነው፤ ከቤት ቤት ይለያያል። ምግብ ነው፣ ትጠጣው። መድኃኒት አድርጋ ግን አትቁጠረው። ክኒኑ የወተት ውጤት ስለሆነ የጾሙን ነገር የንስሐ አባቷን ትጠይቅ። እኔ የምጨምረው፣ ጥናቶቹ ላይ በየቀኑ ለሳምንታት ነው የተወሰደው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ብታቋርጠው ያም የለም፣ ኤናላፕሪሉም የለም፣ ባዶዋን ልትቀር ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ደረቅ ሳል አላት?

የኮተቤዋ፦
በምን አወቅክ? ዓመት አልፏታል! አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው። አቧራ ነው ብለን ምንጣፉን ሁሉ አወጣን። ቅዳሴ ላይ ሰው እንዳትረብሽ ብላ ደጅ ቆማ ነው የምታስቀድሰው።

ከፋርማሲ፦
ጠርጥሬ ነበር። ያ የሚታገደው ኤንዛይም ብራዲካይኒን የሚባል ሌላ ነገርም ያፈርሳል። ሲታገድ ብራዲካይኒኑ ይጠራቀምና አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። የታወቀ ነው፤ ሌላ ሳልም ሊሆን ስለሚችል ግን ሐኪሙ ይያት። ከመድኃኒቱ ከሆነ ሳል የማያመጣ ሌላ የግፊት መድኃኒት አለ። ራሷ እንዳታቆም። ብልቃጡንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ ምን እየዋጠች እንደሆነ ይወቅ።

የኮተቤዋ፦
ማክሰኞ ወሰድኳት። ደረቷን አዳመጡ፣ ራጅም ተነሳች፤ ንጹሕ ነው። ኤናላፕሪሉን በአምሎዲፒን ቀየሩላት። ሳሉ ለመጥፋት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል ብለዋታል። ቁርጭምጭሚቷ ካበጠም ተመልሳ እንድትመጣ ነግረዋታል።

መንገድ ላይ «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «ሐኪሙ የሰጠኝን መድኃኒት እንዴት አሳለኝ እላለሁ?» አለችኝ። ለካ ክኒኑን የወደደችው ሳትስል ልታስቀድስ ብላ ነው። ዛሬ ጠዋት 138 በ86 ነበረች። ብልቃጡ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ለአጎቴ እሑድ ሲደውል እኔው እነግረዋለሁ።