ሩብ ሄክታር መረሬ መሬት ቀርቶናል፤ ስንዴ ይሻላል ወይስ ጎመን?

ቱሉ ዲምቱ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ከአቃቂ ወደ ገላን ወጣ ብሎ ነው። ከቤተሰቡ ይዞታ የተረፈው አንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው፤ ሌላው ለመንገድና ለመጋዘን ሄዷል። አፈሩ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው፤ ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። የምንበላው አምስት ሰዎች ነን። እስካሁን የሚዘራው ጤፍ ብቻ ነበር። አሁን ግማሻችን ስንዴ ዘርተን ቀለባችንን እንቻል ይላል፤ ግማሻችን ደግሞ ሙሉውን ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ አድርገን እየሸጥን እህል እንግዛ ይላል። ወንዙ ቅርብ ነው፣ ግቢ ውስጥም የጉድጓድ ውሃ አለ። የቱ ያዋጣል? ደግሞስ በከተማ ዙሪያ እንዲህ የሚያልቀው መሬት ከሌላ አካባቢ ይተካል?

ሞፈር

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ሰው በቀን 2100 ካሎሪ ቢያስፈልገውና ሁለት ሦስተኛውን ከእህል ቢያገኝ፣ በዓመት አንድ ኩንታል ተኩል ያህል እህል ይበላል። ለአምስት ሰው 7 ኩንታል ተኩል ነው። ጤፍ በሄክታር 16 ኩንታል ቢሰጥ ከእናንተ ጥማድ 4 ኩንታል ይወጣል፤ ከግማሽ ዓመት ብዙም አያልፍም። ስንዴ በሄክታር 30 ቢሰጥ 7 ኩንታል ተኩል ነው፤ ለዘር የሚቀመጠው ሲቀነስ ለጥቂት ይጎድላል።

ነገር ግን ጤፍ መረሬ ላይ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ ላይ ተዘርቶ እርጥበቱን ይችላል። ስንዴ አይችልም። መረሬ ሲርስ ያብጥና የአየር ቀዳዳው ይደፈናል፤ ሥሩ ይታፈናል፣ የአፈሩ ናይትሮጅንም ወደ አየር ይጠፋል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው ዩሪያ ይጨምራል፤ ውሃ በተኛበት ላይ የተበተነ ዩሪያ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለዚህ ስንዴ ካላችሁ ትርፉን ውሃ ማጠንፈፍ ግድ ነው። መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በበሬ ከሆነ ሁለት ማረሻ አጣምሮ ክንፍ የተገጠመለት፣ የልማት ሠራተኞች ቢቢኤም የሚሉት መሣሪያ አለ። በሬ ከሌለ በዶማም ይሠራል፤ ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ላይ መደቡን ገበሬው በእጁ ነው የሚያወጣው። ቦዩ ቁልቁለቱን ይከተል፤ በ100 ሜትር ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ዝቅታ ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ አፈር ይዞ ይሄዳል። ሥራው ከባዱ ዝናብ ሳይገባ ሰኔ ውስጥ ይለቅ፤ መረሬ ከጠገበ በኋላ ማረሻ ላይ ይጣበቃል።

በእናንተ አካባቢ ሥራውን የሚያበላሸው የቦዩ መጨረሻ ነው። አዲስ አጥርና መንገድ የቀድሞውን መውረጃ ይዘጋዋል፤ መደብ ሠርታችሁ ውሃው መውጫ ካጣ ማሳው ኩሬ ይሆናል። መውጫውን ከጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ ክፈቱ፣ ከዚያ ዝሩ።

ለጥማዱ ከ31 እስከ 38 ኪሎ ዘር፣ መስመሩ 20 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ 25 ኪሎ ሲዘራ፤ ዩሪያ 25 ኪሎ፣ ግማሹ ሲዘራ፣ ግማሹ ግንድ ሲያበዛ ከአረም በኋላ። ዘሩ የዋግ በሽታን የሚቋቋም ይሁን፤ በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ እንዴት እንደጎዳው ይታወቃል። ከነሐሴ ጀምሮ ማሳውን በየሳምንቱ እዩ። ከአጨዳ በኋላ ሽምብራ ጣሉበት፣ በዓመት ሁለት ምርት ታገኛላችሁ።

እሸት

ሞፈር ባለው ሁሉ እስማማለሁ፣ በመጨረሻዋ አልስማማም። ሰኔ አጋማሽ የተዘራ ስንዴ ቶሎ ደረሰ ቢባል መስከረም መጨረሻ ነው። ሽምብራ ያን ጊዜ ቢገባ አፈሩ ውስጥ የቀረው እርጥበት ፍሬ ሳይሞላ ያልቅበታል። ሁለት ምርት ከተፈለገ ፊተኛው በ90 ቀን የሚደርስ ገብስ ይሁን፤ መስከረም 10 አካባቢ ታጭዶ ሽምብራው ሳይውል ሳያድር ይዘራ። ለጥማዱ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ዘር ይበቃል። ባዮ ማዳበሪያ፣ ማለትም ሽምብራው ናይትሮጅን ከአየር እንዲያገኝ የሚረዳው ባክቴሪያ፣ ከዘሩ ጋር የሚለወሰው ጥላ ሥር ነው፤ ፀሐይ ካገኘው ባክቴሪያው ይሞታል። ዩሪያ አያስፈልገውም። መንገድ ዳር ከሆናችሁ እሸቱ ሲደርስ ጠባቂ አዘጋጁ።

ስለ ጎመኑ፦ በበጋ አትክልት በቀን ለአንድ ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ሙሉው 2500 ካሬ ቢተከል በቀን ቢያንስ 10,000 ሊትር፣ በ20 ሊትር ጀሪካን 500 ጀሪካን መሆኑ ነው። የግቢ ጉድጓድ ይህን አይችልም። 200 ካሬ ብቻ ከተከላችሁ 40 ወይም 50 ጀሪካን ነው፤ ይህ ይቻላል፣ ለቤትም ለገበያም ይተርፋል። የወንዙን ውሃ ግን እባካችሁ ተዉት። አቃቂ የከተማውንም የፋብሪካውንም ፍሳሽ ይዞ ነው የሚወርደው። ሰላጣ በጥሬው ስለሚበላ የአንጀት ጥገኛ ትል ያመጣል፤ ቆስጣ ቢቀቀል ትሉ ይሞታል፣ በቅጠሉ ውስጥ የገባው ክሮሚየምና ካድሚየም ግን በእሳት አይጠፋም።

ጥቁር አፈር

ይተካል ወይ ለተባለው፦ በስፋት ይተካ ይሆናል፣ በአፈር አይተካም። የአቃቂ፣ የዱከምና የአድአ መረሬ ኖራ አይጠይቅም። ወደ ምዕራብ ሸዋና ወደ ወለጋ ያለው ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ ከማዳበሪያ የሚሰጠውን ፎስፈረስ አስሮ ይይዘዋል። ለማስተካከል በሄክታር 20፣ 30 ኩንታልና ከዚያም በላይ ኖራ በመኪና ተጭኖ መሄድ አለበት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም መደገም አለበት። ማዳበሪያው ደግሞ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነው፤ የዩክሬን ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ሲጀመር ዋጋው የት እንደደረሰ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። በ1987ቱ ቆጠራ 53.5 ሚሊዮን ነበርን፣ በ1999ኙ ወደ 73.8 ሚሊዮን ደረስን፤ ከዚያ ወዲህም ጨምረናል። ያለ ኖራ የሚያበቅል ሜዳ ላይ መጋዘን ሲቆም የጠፋው ምርት በሌላ ቦታ በብዙ ወጪ ነው የሚፈለገው። መጋዘኑ ቀይ አፈር ላይም፣ ድንጋያማ ኮረብታ ላይም ይቆማል፤ ስንዴው አይችልም። ቦታ ሲመረጥ ይህ መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በአዋጅ 1161/2011 መሠረት የገጠር ይዞታ ለዘለቄታው ሲለቀቅ፣ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተሰጠ፣ የልማት ተነሺ ካሳው የሚሰላው ባለፉት 3 ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። ስለዚህ የየወቅቱን ምርት በኩንታል፣ ጭዱንም ጭምር፣ በቀን እየጻፋችሁ አስቀምጡ። ሁለተኛው ምርት ካልተጻፈ ማስረጃ የለውም።

ቱሉ ዲምቱ ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 200 ካሬ ለጎመን፣ የቀረው ገብስና ሽምብራ ይሁን ብለናል። ሽምብራውን ነቀዝ እንዳይፈጀው ምን ይደረግ?

እሸት

በደንብ አድርቁት፤ በጥርስ ሲነከስ ካልተሰበረና ከለሰለሰ ገና ነው። ሦስት ድርብ ያለው ፒክስ ከረጢት ግዙ። ውስጠኛውን ላስቲክ ሙሉ፣ አየሩን በእጅ ተጭናችሁ አውጡና ጠምዝዛችሁ እሰሩ፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ፣ ከዚያ የውጪውን። ነቀዙ የሚሞተው አየር ሲያጥረው ስለሆነ ቢያንስ አንድ ወር አትክፈቱት። አይጥ ከበሳው ዋጋ የለውም፤ ከግድግዳ አርቃችሁ ቆጥ ላይ አስቀምጡት።