ለ120 ተማሪዎች የሚታጠብ ሞዴስ ልንሰፋ ነው፤ ስንት ፍሬ፣ ስንት ሜትር?

ጠያቂ፦ ዘጠኝ_ሆነን

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ላለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ልናደርስ ተነሥተናል። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሴቶች 120 ናቸው። መጀመሪያ ያሰብነው የሚጣለውን በካርቶን ገዝተን መስጠት ነበር። ሒሳቡን ስናወጣው አንዲት ልጅ በአንድ ዑደት ከ15 እስከ 20 ፍሬ ትጨርሳለች፤ ባለ 10 ፍሬው እሽግ ሁለት መሆኑ ነው። ከመስከረም እስከ ሰኔ ለሁሉም 2,400 እሽግ መጣ። ያዋጣነው ገንዘብ የሁለት ወሩንም አይሸፍን። ስለዚህ የሚታጠበውን ራሳችን ለመስፋት ወስነናል፤ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ ልብስ ሰፊ አለን። ለአንዲት ልጅ ስንት ይበቃል? ምን ዓይነት ጨርቅ፣ ስንት ሜትር እንግዛ? ከሞዴሱ ሌላ የዘነጋነው ካለም ንገሩን።

መልስ 1፦ መርፌና_ክር

ከጨርቁ በፊት ቁጥሩ። ብዙ ቦታ ለአንድ ልጅ 4 ፍሬ ይታደላል። ለቆላ አገር ይሆን ይሆናል። እናንተ ጋ ሐምሌና ነሐሴ የታጠበ ሞዴስ በአንድ ቀን አይደርቅም፣ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። 4 ፍሬ ብቻ ያላት ልጅ በሦስተኛው ቀን ወይ እርጥቡን ታደርጋለች ወይ ወደ ድሮው ብጣሽ ጨርቋ ትመለሳለች። 6 አድርጉት። 720 ፍሬ ማለት ነው።

እያንዳንዱ ሦስት ነገር አለው፦ ገላ የሚነካ ጥጥ፣ መሐል ላይ የሚመጥ ፎጣ መሰል ጨርቅ ሦስት ድርብ፣ ከሥር ውሃ የማያሳልፍ። ከነክንፉ (ፓንቱ ሥር ታጥፎ በቁልፍ ከሚያያዘው ጎኑ) እና ከነስፌት ትርፉ ቁራጩ 27 በ21 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ወርዱ 150 ሳንቲ ከሆነ ጨርቅ በአንድ ረድፍ 7 ይወጣል፤ 103 ረድፍ፣ ወደ 28 ሜትር። የሚበላሽ ስለማይጠፋ 31 ግዙ። ላዩም ታቹም እንደዚያው። ግን አቡጀዲ ስትገዙ ወርዱን ራሳችሁ ለኩ። ባለ 90ው በረድፍ 4 ብቻ ስለሚወጣው ወደ 49 ሜትር ይወስዳል። በሜትር ረከሰ ተብሎ የሚሸመተው ብዙ ጊዜ የሚያከስረው እዚህ ላይ ነው።

ለሥረኛው የዣንጥላ ጨርቅ ወይም ላስቲክ እንዳይሸጡላችሁ። የዣንጥላው ቅባት ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ይነሣል። ላስቲኩ ያልባል፣ ሲራመዱ ይንሻሻል፣ ስፌቱ ላይ ይቀደዳል። የሚያስፈልገው ፒዩኤል የሚባለው፣ በአንድ ፊቱ ስስ ሽፋን የተለጠፈበት ጨርቅ ነው። የሚያብለጨልጨው ፊት ወደ ውስጥ ይሁን። ስትሰፉ በስፒል አትያዙት፤ ስፒል የበሳው ሁሉ ያፈሳል። የልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ይበቃል። የሚመጠውን ክፍል ከላዩ ጥጥ ጋር ብቻ ስፉና ከዚያ ፒዩኤሉን ዙሪያውን ግጠሙት። መሐሉን ከነፒዩኤሉ ወግቶ የሚሰፋ ሰው በመርፌው ወንፊት ሠራ ማለት ነው። ክሩ ፖሊስተር፣ ስፌቱ 3 ሚሊ ሜትር።

ጥጡን ሳትቆርጡ በፊት እጠቡት። አለዚያ ልጅቷ ቤት በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰብና ሞዴሱ እንደ ቅጠል ይጠቀለላል።

መልስ 2፦ የክበብ_ተጠሪ

ስለ ፓንት አንድ ቃል አላነሣችሁም። ሞዴሱ የሚያያዘው እሱ ላይ ነው፤ ገጠር ውስጥ ደግሞ የሌላቸው ወይም አንድ ያለቀ ብቻ ያላቸው ልጆች አሉ። ለአንዲት ልጅ ሁለት፣ በድምሩ 240። ሁሉንም «መካከለኛ» ብሎ መግዛት የተለመደ ስሕተት ነው። የ7ኛ ክፍል ልጅ 12 ዓመቷም ሊሆን ይችላል 17ም። በትምህርት ቤቱ የሥርዓተ ጾታ ክበብ በኩል፣ ስም ሳይጻፍ፣ በትንሽ ወረቀት ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ብለው ያስገቡ። ከሚወጣው ቁጥር ላይ ለእያንዳንዱ ልክ አምስት አምስት ጨምሩበት።

እደላው በሰልፍና በካሜራ ከሆነ ይቅርባችሁ። መድረክ ላይ ሞዴስ የተቀበለች ልጅ በማግሥቱ ስም ይወጣላታል። ሁሉም በማያሳይ የጨርቅ ከረጢት፣ በክፍላቸው፣ ሴት መምህርት ባለችበት ይሰጥ። ወንዶቹም በዚያው ሰዓት ሌላ ክፍል ተቀምጠው ስለ ጉዳዩ ይማሩ።

ከአጠቃቀሙ ትምህርት ግማሹ እጥበት ነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ያረጋውና እድፉ አይለቅም። ቀጥሎ በተራ የልብስ ሳሙና ታሽቶ ውሃው እስኪጠራ መለቅለቅ አለበት፤ የቀረ ሳሙና ያሳክካል፣ ጨርቁም እንዳይመጥ ያደርገዋል። በረኪና ፒዩኤሉን ይበላዋል፣ ማፍላትም ያላቅቀዋል። በመጨረሻ ፀሐይ ላይ። ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ልጆቹ አባትና ወንድም እንዳያይባቸው ፍራሽ ሥር ወይም ከሣጥን ኋላ ይደብቁታል። እዚያ ይሻግታል፣ ይሸታል፣ ገላ ያሳክካል፣ ከዚያ «ይሄ ነገር በሽታ ያመጣል» ተብሎ ይወረወራል። የሚታጠብ ሞዴስ ሰጥተው ለምን እንደተተወ ግራ የሚገባቸው ቡድኖች ማስጫውን አይተው ቢሆን ኖሮ ይገባቸው ነበር።

መልስ 3፦ ስስ_ይደርቃል

የክበብ ተጠሪዋ ያነሣችው ችግር በስፌት ይፈታል። መሐሉን አትስፉት። መያዣውን ለብቻ፣ የሚመጠውን ለብቻ አድርጉ። መያዣው ጥጥና ፒዩኤል ብቻ ሆኖ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ 2 ሳንቲ የሚሆን አግዳሚ የጨርቅ ማሰሪያ ይኑረው። የሚመጠው 24 በ24 የሆነ አራት ማዕዘን ጨርቅ ነው። ሦስት ሲታጠፍ 8 ሳንቲ ይሆንና ጫፎቹ ማሰሪያው ሥር ይገባሉ። ሲታጠብ ይዘረጋል፤ አንድ ንጣፍ ብቻ ስለሆነ ድርብ ሆኖ ከተሰፋው በብዙ ቀድሞ ይደርቃል። ገመድ ላይ ላየው ሰው መሐረብ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ወይም አበባ ያለው ምረጡ፤ ነጭ ከሆነ እድፉ ያሳብቃል።

ውዱ ፒዩኤልም ይተርፋል። ለአንዲት ልጅ 3 መያዣ ከ6 መሐረብ ጋር ይበቃታል። 360 መያዣ በባለ 150ው ወርድ 14 ሜትር ነው። መሐረቡ 720፣ በረድፍ 6፣ ወደ 29 ሜትር። የመሐረቡን ጠርዝ ግን ኦቨርሎክ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ካልተደረገ በወር ውስጥ ይተረተራል።

መልስ 4፦ መርፌና_ክር

ይሄኛው ከእኔ ይሻላል፣ ፒዩኤሉን 14 ሜትር ግዙ፤ ከነመጠባበቂያው 16። አንድ ነገር ልጨምር፦ ማሰሪያው ልል ከሆነ ልጅቷ ስትሮጥ መሐረቡ ይሾልካል። መጀመሪያ አምስት ብቻ ስፉና ፈትኑ። የአንድ ዑደት ደም በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ አንዱ 20 ከያዘ ደግ ነው። በስሪንጅ 20 ሚሊ ውሃ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱበት፣ አምስት ደቂቃ ቆዩ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡና ሰው ይቀመጥበት። ወረቀቱ ከረጠበ ስፌቱን እዩ። አዲስና ያልታጠበ ጥጥ ላይ ውሃው እንደ ጤዛ ቢንከባለል አትደንግጡ፤ የፋብሪካው ሙጫ ነው፣ ሁለት እጥበት ያስለቅቀዋል።

መልስ 5፦ ሲልቨርስፕሪንግ

ፒዩኤል መርካቶ ካጣችሁ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ያስገባላችሁ። 16 ሜትር ጥቅል ነው፣ ከባድ አይደለም። የክንፉን ቁልፍም አብሮ ማስመጣት ይቻላል፤ የፕላስቲኩ፣ ተጭኖ የሚገጥመው፣ ቁጥር 20። ለ360 መያዣ 400 ጥንድ፣ ከመጫኛ መቆንጠጫው ጋር። ቁልፉ የሚመታበት ቦታ ላይ ከውስጥ ትንሽ ጨርቅ ደርቡ፤ በስስ ጨርቅ ብቻ ከተመታ ሲከፈት ይነቀላል። የብረቱ ይዝጋል።

መልስ 6፦ ቆጥሬ_ነው

እኔ ደግሞ ለምን ትሰፋላችሁ ባይ ነኝ። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ያቋቋመችው የማርያም ሰባ ፋብሪካ በትክክል ይህንኑ ያመርታል። እስከ 2 ዓመት የሚያገለግል፣ የሚታጠብ ሞዴስ ነው፤ በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባለችው በዚሁ ሥራዋ ነው። በሁለት መኪና 360 መያዣና 720 መሐረብ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ልብስ ሰፊያችሁን ጠይቁ። ዋጋውን ከፋብሪካ አስጠይቃችሁ ከጨርቁ፣ ከቁልፉና ከቀን ሙያተኛው ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ጉልበታችሁን መጸዳጃ ቤቱ ላይ አውሉት። ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ባልዲ ውሃ፣ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ። በሩ የማይቆለፍ ከሆነ ልጅቷ የትኛውንም ሞዴስ ትምህርት ቤት ውስጥ አትቀይርም፤ ወይ ቀኑን ሙሉ ያንኑ አድርጋ ትውላለች ወይ ቤቷ ትቀራለች።

ጠያቂ፦ ዘጠኝ_ሆነን

እግዚአብሔር ይስጥልን። መያዣና መሐረቡን መርጠናል፤ የፋብሪካውንም ዋጋ እናስጠይቃለን። አንድ የቀረን፦ የሚጣለውን ጨርሶ እንተወው?

መልስ 7፦ የክበብ_ተጠሪ

አትተዉት። ክፍል ውስጥ በድንገት ለሚመጣባት 30 እሽግ ትምህርት ቤቱ ይኑር። ቁልፉን ለአንዲት መምህርት ብቻ አትስጡ፤ እሷ የቀረች ቀን ሣጥኑ ተዘግቶ ይውላል። ሁለተኛው ቁልፍ ከክበቡ ልጆች አንዷ ጋ ይሁን። የወጣውም በጭረት ብቻ ይመዝገብ፣ የተቀባይ ስም ከተጻፈ ማንም መጥቶ አይወስድም። ያገለገለው ጉድጓድ መጸዳጃ ውስጥ እንዳይጣል፤ አይበሰብስም፣ ጉድጓዱን ያለ ጊዜው ይሞላዋል። ክዳን ባለው መጣያ ተሰብስቦ ከመማሪያ ክፍሎቹ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ይቃጠል፤ እርጥቡ ስለሚጨስ ተማሪ ከወጣ በኋላ ይሁን።

በሦስተኛው ወር ተመለሱና ስንቱ መያዣ ጥቅም ላይ እንዳለ በዚያው ስም በሌለው ወረቀት አስቆጥሩ። ያልተጠቀመች ልጅ ካለች ምክንያቱን ትጻፍ፦ ጠበበኝ፣ አፈሰሰ፣ ማስጫ የለኝም። ሁለተኛውን ዙር ጨርቅ ከዚያ በፊት አትግዙ።