የድሬዳዋው የናፍጣ ባቡር ጣና ዳር ይምጣ?

አስጎብኚው፦ ወገን፣ እስቲ በዚህ እንከራከር። ባሕር ዳር ላይ የትራንስፖርት ሙዚየም ቢከፈትና ከድሬዳዋ አንድ የድሮ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ (ባቡር ጎታች) ቢመጣለት ምን ትላላችሁ? እንግዳ ገዳማቱን አይቶ፣ ጢስ ዓባይ ደርሶ ይሄዳል። አንድ ቀን የሚያሳድረው ነገር ያስፈልገናል።

መምህርቷ፦ እደግፋለሁ። ተማሪዎቼ ባቡር የሚያውቁት በስልክ ነው። አብዛኛው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ እኮ ሞተሩ መንኮራኩሩን በቀጥታ አያዞርም። ጄኔሬተር ያዞራል፤ ከዚያ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ነው ባቡሩን የሚነዳው። ይህን ልጅ በእጁ እየነካ ቢማረው አይረሳውም።

የድሬ ልጅ፦ ድሬ ተወልጄ እዚህ የምኖር ነኝ። በፍጹም አልስማማም። ድሬን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስላስቸገረ ሜዳው ላይ ጣቢያ ተተከለ፤ ከተማዋም በዙሪያው በቀለች። አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ወርክሾፑ ድሬ ነው። ማሽኑን በእጃቸው ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩት ሽማግሌዎችም ድሬ ናቸው። ከእነሱ ነጥላችሁ ብታመጡት ታሪኩን ማን ይነግረዋል? እዚህ እኮ አንድ ሜትር ሐዲድ የለም።

አስጎብኚው፦ ወንድሜ፣ እዚያስ ቢሆን የት ይሄዳል? የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር፣ የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 1.435 ሜትር። በአዲሱ መስመር አይነዳም። ቆሞ ከሚዝግ እኛ ብንንከባከበው ምን አለበት?

ጋራዥ ያለኝ ነኝ፦ ማምጣቱስ አያቅትም። የጣናዋ ጀልባ ጣናነሽ 2 ያን ሁሉ አካሏን ይዛ ከጅቡቲ በመንገድ ተጎትታ ገብታ የለ? እኔን የሚያስፈራኝ ከመጣ በኋላ ያለው ነው። የእኛን ክረምት ታውቁታላችሁ። ጣሪያ ከሌለው ውሃ በአየር መውጫው ይገባል። ጄኔሬተሩ ውሃ ከጠጣ አለቀለት። የመዳብ ሽቦውም ሌባ ይጠራል። ዘበኛና መጠለያ ሳይታሰብ ባቡር አይታሰብ።

የድሬ ልጅ፦ ጋሼ እውነት ብለዋል። ጣናነሽ ግን የመጣችው ልትሠራ ነው። ሙዚየም ካማራችሁ ከራሳችን ውሃ እንጀምር። ጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ አለ። ደንገሉም ከሐይቁ ዳር እየጠፋ ነው፤ አሠራሩ አብሮት እንዳይጠፋ እፈራለሁ። ጎርጎራ ሲመላለሱ ያረጁ የብረት ጀልባዎችም አሉ። ይህን ከእኛ በላይ ማን ይሰበስበዋል?

መምህርቷ፦ የታንኳውን ነገር ሳላስበው ነበር፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን እቴ ድሬ ስንቱን ልጅ ይዤ ልሂድ? ከዚህ ድሬ ቅርብ ነው እንዴ?

አስጎብኚው፦ ታንኳው ይቅደም፣ ተስማምቻለሁ። ሎኮሞቲቩን ግን አልተውኩም። ድሬ ላይ በጥላ ስር ይቀመጣል የሚለኝ ካለ ያን ጊዜ ዝም እላለሁ።

የድሬ ልጅ፦ ታዲያ ለጭነት የምታወጡትን ብር እዚያው ለጣሪያ አዋጡት። የመጀመሪያውን መዋጮ እኔ አወጣለሁ።