የሰፈራችንን የማስጠንቀቂያ ግሩፕ ምን እናድርገው?

የምንኖረው የሽብር ጥቃት ስጋት በማይለየው ሰፈር ነው። ልጆች ይማራሉ፣ ሰው ሥራ ይገባል፣ ሰርግም ይደገሳል። ግን የሁላችንም ጆሮ ስልክ ላይ ነው። ለዚህ ብለን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን፤ አደጋ ያየ ሰው ቶሎ እንዲናገር።

አሁን ግሩፑ ራሱ ያስፈራል። «እዚያ ጋ ቦምብ አለ» ይባላል፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ለማውጣት ይሮጣሉ፣ ወሬው ውሸት ይሆናል። ሰው በአንድ ቦታ መታፈጉ ደግሞ ራሱ አደገኛ ነው፤ ከመጀመሪያው ፍንዳታ በኋላ የተሰበሰበውን ሕዝብ ለመምታት ሁለተኛ ቦምብ የሚጠመድበት ጊዜ አለ።

ከሁሉ የከፋኝ ግን ሌላ ነው። ቦርሳ የያዘ አዲስ ተከራይ ፎቶው «ተጠንቀቁ» ተብሎ ተለጠፈ። ልጁ ከሥራ እየተመለሰ ነበር። አሁን ሰላምታ የሚሰጠው ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ከቦስተን ማራቶን ፍንዳታ በኋላም በኢንተርኔት ንጹሐን ሰዎች ተጠርጣሪ ተብለው ነበር። እኛም ጋ ሰው እንዳይጎዳ እፈራለሁ።

ያየው ማን ነው፣ የት፣ መቼ የሚለው ሳይጻፍ መልእክት እንዳይለፍ፣ የሰው ፎቶም እንዳይለጠፍ ደንብ አወጣን። አስተዳዳሪዎቹ አጣርተው ይለቁ ነበር። ግን ማታ ሲተኙ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ዘገየ። የተናደዱት ሌላ ግሩፕ ከፈቱ፤ ወሬውም ወደዚያ ዞረ። ለፖሊስ መደወሉንማ እናውቃለን፤ የቸገረን የጎረቤቱ መልእክት ነው።

እንዲህ ባለ ስጋት ውስጥ የምትኖሩ ሰዎች፣ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሳይዘገይ አሉባልታውን የምታቆሙት በምን ዓይነት አሠራር ነው?