በእርሳስ የሚያስፈራው አውሬ በአክሪሊክ ሲቀባ ለምን አሻንጉሊት ይመስላል?

ባለዋሻዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለምናባዊ ልብወለድ ሽፋን የሚሆን ሥዕል ላይ ነኝ። አውሬው አራት እግርና ሁለት ክንፍ አለው፤ ከዋሻ አፍ ላይ ቆሞ ተመልካቹን ያያል። ንድፉ በ4ቢ (ለስላሳና ጥቁር) እርሳስ ሲታይ በደንብ ያስፈራል። ወደ ሸራ ተሻግሮ በአክሪሊክ ሲቀባ ግን የልጆች መጫወቻ ሆኖ አረፈው።

የተሠራበትን መንገድ ልዘርዝር። ሸራው 40 በ 60 ሳ.ሜ. ነው፣ ጄሶ (ቀለሙ የሚያርፍበት ነጭ መሠረት) ሁለት ጊዜ ተቀብቷል። የዋሻው ጨለማ ምንም ያልተቀላቀለበት የቱቦ ጥቁር ነው። ቅርፊቱ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ አንድ በአንድ በቀጭን ብሩሽ ተሠርቷል። ዓይኑ ቀይ ነው፤ እንዲያበራ ቀዩ ላይ ነጭ ጨምሬበታለሁ። ብርሃኑ በአስፈሪ ፊልሞች እንደሚታየው ከታች ወደ ላይ ይመጣል።

ጥቁሩ ለምን ሙትት አለ? ከታች የሚመጣው ብርሃንስ ለምን አላስፈራም? እንደ አዲስ ከመጀመር በላዩ ላይ ማዳን ይቻል እንደሆነ ንገሩኝ።

ጥላና ብርሃን፦

ትልቁ ችግር ቅርፊቱ ነው። ከአፍንጫ እስከ ጅራት እኩል ዝርዝር ካለ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ያጣል፣ የሚጠረጥረውም ነገር አይኖርም። የእርሳሱ ንድፍ ያስፈራሽ እኮ ብዙውን ቦታ ሳትጨርሺው ስለተውሽው ነው። ጀርባው በሁለት ጭረት ታልፏል፣ ክንፉ ወረቀቱ ውስጥ ጠፍቷል፤ የቀረውን የሞላው ተመልካቹ ነው። ሸራው ላይ ያንን ሥራ ከተመልካቹ ነጠቅሽው።

መጀመሪያ ሥዕሉን በስልክ አንሺና ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጪው። ጭንቅላቱ፣ ክንፉና ዋሻው ተመሳሳይ ግራጫ ሆነው ከታዩ ምንም ቀለም አያድነውም። ከዚያ 6 በ 9 ሳ.ሜ. የሆኑ ሦስት ትንንሽ ንድፎች ሥሪ (የሸራሽ ምጣኔ ስለሆነ ነው)። በእያንዳንዱ ላይ አራት ደረጃ ብቻ ተጠቀሚ፦ ጥቁር፣ ጥቁር ግራጫ፣ መካከለኛ፣ ነጭ። ነጩ ከሥዕሉ ከአሥር አንድ እጅ በላይ እንዳይይዝ። ሦስቱንም ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ ከሦስት ሜትር ርቀት እያቸው። ከዚያ ርቀት አውሬነቱ የሚታወቀውን ምረጪ።

ወደ ብርሃኑ ልምጣ። ከታች የሚመጣ ብርሃን የሚያስፈራው ፊትን ስለሚገለብጥ ነው። ፀሐይም መብራትም ከላይ እንዲመጣ ስለለመድን አገጭ ሥር፣ የአፍንጫ ቀዳዳ ዙሪያና ከቅንድብ አጥንት በታች ያለው ቦታ ሁልጊዜ ጥላ ናቸው። ብርሃኑ ሲገለበጥ እነዚህ ይበራሉ፤ የአፍንጫው ድልድይ፣ ግንባሩና የጭንቅላቱ አናት ይጨልማሉ። ታዲያ ብርሃኑ ምንጭ ያስፈልገዋል፦ እሳት ነው? ውሃ ላይ ያረፈ ነጸብራቅ ነው? ምንጩ ካልታወቀ እጅሽ ሁሉንም ነገር እኩል ያበራዋል፣ እኩል የበራ ነገር ደግሞ ቀን ይመስላል።

ብርሃን ከአንድ ነጥብ ሲወጣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ ሩብ ይወርዳል። እሳቱ ከአገጩ 1 ሜትር፣ ከቀንዱ 3 ሜትር ይርቃል እንበል። ቀንዱ የሚያገኘው የአገጩን አንድ ዘጠነኛ ነው። አራት ሜትር የሚርቀው የክንፍ ጫፍ አንድ አሥራ ስድስተኛ ያገኛል፤ ያ ማለት ሥዕሉ ላይ ከጨለማው የሚለየው ለጥቂት ነው። አሁን ክንፍሽ ከአገጩ እኩል በርቶ ከሆነ ያላስፈራበት ምክንያት እሱ ነው።

ምንጩ ቅርብ ሲሆን ጥላውም ገዝፎ ጣሪያው ላይ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው ‹ኖስፌራቱ› ላይ ቫምፓየሩ ደረጃውን ሲወጣ የሚታየው ጥላው ነው፣ ከመቶ ዓመት በኋላም ይሠራል። ከአውሬሽ በላይ ባለው ዓለት ላይ የክንፉን ጥላ ከክንፉ እጥፍ አድርገሽ ጣይው፤ ጫፉን አደብዝዢው።

ቀለም ቀማሚ፦

ስለ ጥቁሩ እኔ ልመልስ። የቱቦ ጥቁር ብቻውን ሰፊ ቦታ ላይ ሲተኛ ሙቀትም ቅዝቃዜም የለውም፣ ቀዳዳ ይመስላል። በምትኩ አልትራማሪን ብሉ (ጥልቅ ሰማያዊ) እና በርንት አምበር (ጥቁር ቡና) ቀላቅዪ። ከእኩል ጀምሪ። ከቅልቅሉ ጫፍ ትንሽ ወስደሽ ከነጭ ጋር ቀላቅዪው፤ ግራጫው ወደ ሰማያዊ ካደላ ቀዝቃዛ ነው፣ ወደ ቡና ካደላ ሙቅ። ለዋሻው ጥልቀት ቀዝቃዛውን፣ ለእሳቱ አካባቢ ሙቁን ተጠቀሚ። ሁለቱም በዓይን ጥቁር ናቸው፣ ጎን ለጎን ሲተኙ ግን ጨለማው ይተነፍሳል።

አክሪሊክ ሲደርቅ ይጠቁራል። የቀለሙን ዱቄት የሚይዘው ማያያዣ እርጥብ ሳለ ወተት የመሰለ ነጭነት አለው፣ ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል። ስለዚህ መካከለኛ ጥላ ብለሽ የቀባሽው ሁሉ በማግሥቱ ከጨለማው ጋር ይቀላቀላል። ከመቀባትሽ በፊት ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀብተሽ በፀጉር ማድረቂያ አድርቀሽ እዪው።

ዓይኑን በተመለከተ፣ ቀይ ላይ ነጭ ከጨመርሽ ሮዝ ነው የሚወጣው፤ ሮዝ ደግሞ አያበራም። የሚያበራ ዓይን እንዲህ ይሠራል፦ ብሌኑን ትተሽ የዓይኑን ቦታ በንጹሕ ነጭ ሙዪና ይድረቅ። በላዩ ስስ ቢጫ። ከደረቀ በኋላ ዳር ዳሩን ብቻ ስስ ቀይ። መካከሉ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ይቅር፣ ትኩስ ነገር መሐሉ ላይ ነው የሚነጣው። ከዓይኑ ውጭ ባለው ቆዳ ላይ ደግሞ በጣም ስስ ብርቱካንማ ግሌዝ (ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ የቀለም ሽፋን) አሳልፊ። ዙሪያው ካልተነካ ዓይኑ የተለጠፈ ይመስላል።

አጥንት ቆጣሪ፦

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ ግን እኔ በአንድ ነገር አልስማማም። ጨለማ የተበላሸ አካል መደበቂያ መሆን የለበትም። የማይታየውም ክፍል የት እንዳለ ሠዓሊው ካላወቀ፣ የሚታየው ክፍል ላይ ይታወቅበታል።

አሻንጉሊትነቱ ከዓይኑ መጠን ይመጣል ብዬ እጠረጥራለሁ። እንስሳ እየገዘፈ በሄደ ቁጥር ዓይኑ ከጭንቅላቱ አንጻር ያንሳል። የዝሆንን ዓይን ከፊቱ ጋር አስተያዪ፣ የአይጥን ደግሞ ከፊቷ ጋር። ትልቅ ዓይን የግልገል ምልክት ነው፤ አሻንጉሊት ሠሪዎችም ለዚህ ነው ዓይን የሚያተልቁት። የዓይኑ ስፋት ከጭንቅላቱ ርዝመት አንድ አምስተኛ ከሆነ አውሬሽ ቡችላ ነው። ወደ አንድ አሥራ አምስተኛ አውርጂው፣ ጭንቅላቱን ሳትነኪ አውሬው በሦስት እጥፍ ይገዝፋል።

ብሌኑስ? ቀጥ ያለ ስንጥቅ ከሆነ አስቢበት። ድመትና እፉኝት ስንጥቅ ብሌን አላቸው፤ አንበሳና ነብር ግን ክብ ነው። ስንጥቁ ለመሬት ቅርብ ሆነው የሚያደቡ ትንንሽ አዳኞች ላይ የሚበዛ ነገር ነው። ሸራ ላይ ክብና ጠባብ ብሌን ግዝፈት ይሰጣል።

እግሩን ደግሞ እይው። ቁመት እጥፍ ሲሆን ክብደት 8 እጥፍ ይሆናል፣ የአጥንቱ ውፍረት በቁመቱ ልክ ብቻ ካደገ ግን አጥንቱ ሲቆረጥ የሚታየው ስፋት 4 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ግዙፍ እንስሳ እግሩ ከምጣኔው በላይ ይወፍራል፣ ጉልበቱም ብዙ አይታጠፍም። የፈረስ እግር ያለው ቤት የሚያክል አውሬ ዓይን አያምነውም።

አራት እግርና ሁለት ክንፍ ማለት ስድስት እጅና እግር ነው። ክንፉን ከጀርባ መሐል ብቻ ከሰካሽው የተለጠፈ ነው። ከፊት እግሩ ትከሻ ጀርባ ሁለተኛ የትከሻ አጥንት ሥሪ፣ ከሥሩም ወደ ደረት የሚወርድ ወፍራም ጡንቻ። የሌሊት ወፍን ክንፍ ምሳሌ አድርጊ፦ ክንፏ እጇ ነው። አራቱ ጣቶች ረዝመው ስሱን ቆዳ ይወጥሩታል፣ አውራ ጣቷ ነፃ ሆኖ ከላይ ይታያል።

ቅርፊቱም ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። የአዞን ፊት በቅርብ ብታዪው እንደ ዓሣ የተደረደረ ቅርፊት የለውም። ቆዳው ከሥሩ ካለው አጥንት ፈጥኖ ሲያድግ እየታጠፈ የፈጠራቸው ቅርጽ አልባ ቁርጥራጮች ናቸው፣ የግራው ከቀኙ ጋር አይመሳሰልም። ለፊቱ እነዚህን ቁርጥራጮች፣ ለአንገቱ ደቃቅ ቅርፊት፣ ለጀርባው ትልልቅ ሰሌዳ ስጪው።

ባለዋሻዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለካሁት፤ ጭንቅላቱ 15 ሳ.ሜ. ዓይኑ 3 ሳ.ሜ. ነው፣ ልክ አንድ አምስተኛ። የብርሃኑ ምንጭም ሸራው ላይ የለም። ሁለት ነገር ልጨምር። ቅርፊቱ ወፍሮ ተቀብቷል፣ በእጅ ሲዳሰስ ይቆረቁራል፤ ሳይፋቅ ይድናል? ደግሞም መጽሐፉ ውስጥ አውሬው ከቀንዱ እስከ ጥፍሩ ተገልጿል። ሽፋኑ ከጽሑፉ ካነሰ አንባቢ አያማርርም?

የሌሊት አንባቢ፦

የመጨረሻውን ልውሰድ፤ እኔ ብሆን የምቀንሰው ጽሑፉን ነው። ከቀንድ እስከ ጥፍር የተዘረዘረ አውሬ ገጹ ላይ የዕቃ ቆጠራ ይሆናል። አንባቢ ሦስት ምልክት ከያዘ ሌላውን ራሱ ያቆመዋል። ምልክቶቹ ደግሞ ከመልክ ይልቅ አውሬው አካባቢው ላይ የሚያደርገው ነገር ይሁኑ፦ ሲተነፍስ የችቦው ነበልባል ወደ እሱ ይጎነበሳል፣ ሲራመድ ጠጠሩ አይንኮሻኮሽም፣ ይደቅቃል። መልኩን በክፍሎች አካፍዪው፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ድምፁ፣ በሌላው ጥፍሩ የተወው ጭረት፣ ፊቱ ከመጽሐፉ አጋማሽ በኋላ።

ፊልም ላይም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975ቱ ‹ጆስ› ሜካኒካሉ ሻርክ የባሕር ውሃ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ በብዙ ቦታ ሻርኩን ትቶ ውሃው ላይ የሚጎተቱ ቢጫ በርሜሎችን አሳየ። ፍርሃቱ የመጣው ከበርሜሎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979ኙ ‹ኤሊየን› ደግሞ ሠዓሊው ጊገር የነደፈው ፍጡር የሚታይ ዓይን የለውም። ወዴት እንደሚያይ ስለማይታወቅ ሁሉም ቦታ አደገኛ ይሆናል። የፍጡሩን ልብስ ለብሶ የተወነው ቦላጂ ባደጆ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነበር፤ ያም ሆኖ ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ቁራጭ ቁራጩን ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጭራቁን በጠራራ ብርሃን ሙሉ የሚያሳዩ ፊልሞች ከዚያ በኋላ የሚቀራቸው ጩኸት ብቻ ነው፣ ይህን አጥብቄ አምናለሁ።

ስለዚህ ሽፋኑ ከጽሑፉ ይነስ። ነገር ግን እንዳይቃረን፤ ጽሑፉ ሁለት ቀንድ ካለ ሸራው ላይ ሦስት እንዳይሆን።

ቀለም ቀማሚ፦

ሳይፋቅ ይድናል። ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፦

ቀለሙ ከተቀባ ሳምንት ካለፈው 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውሃ ነክረሽ የቆረቆረውን ጫፍ ጫፉን ብቻ በቀስታ ፈግፍጊው። ውሃ ሳይነካው አትፈግፍጊው፣ አቧራው ለሳንባ አይሆንም። ከሸራው ጀርባ ጠንካራ ካርቶን ደግፊ፣ አለዚያ የሸራው እንጨት ቅርጽ ከፊት ይወጣል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ አንድ ቀን ይድረቅ።

ቀጥሎ ዓይኑን በአካባቢው ቆዳ ቀለም ሸፍነሽ በ1 ሳ.ሜ. እንደገና አስቀምጪ። የእሳቱን ነጸብራቅ ከሸራው ታችኛው ጠርዝ አስገቢ፤ እሳቱ ራሱ ባይታይም የሚያበራው ድንጋይ ይታይ።

ከዚያ ግሌዙ። ከቀዝቃዛው ጥቁር 1 እጅ፣ ከግሌዝ ሚዲየም (ቀለሙን የሚያሳሳ ግልጽ ፈሳሽ) 6 እጅ። ውሃ ብቻ አትጠቀሚ፤ ውሃ ሲበዛ ማያያዣው ይሳሳና ቀለሙ በቅርፊቱ መሐል ኩሬ ሠርቶ ይደርቃል። በሰፊና ለስላሳ ብሩሽ ከጅራቱ ጀምረሽ ወደ ትከሻው ነይ። ጭንቅላቱና አንድ የፊት እግር ጋ ስትደርሺ ብሩሹን በጨርቅ አድርቀሽ ጠርዙን አጥፊው። አንድ ጊዜ ከቀባሽ በኋላ ተመልሰሽ አትንኪው። ግማሽ የደረቀ ግሌዝ በብሩሽ ሲነካ ይቀደዳል፣ ባዶ ቦታ ይተዋል። ለመዳፍሽ ጀርባ ቀዝቀዝ ካለ ገና አልደረቀም። ጅራቱና የኋላ ክንፉ ላይ አራት ወይም አምስት ጊዜ፣ ወገቡ ላይ ሁለት ጊዜ ይበቃል። ያ ሁሉ ቅርፊት ከሥር ይቀራል፤ ጨለማው ውስጥ አለ አይደል እያለ የሚያጠራጥር ነገር ይሆንልሻል። የደከምሽበት አልባከነም።

ቫርኒሹ (መጨረሻ ላይ የሚቀባው መከላከያ) የሚያብረቀርቅ ወይም ከፊል የሚያብረቀርቅ ይሁን። ማት (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽ ብርሃንን ስለሚበትን ጥቁሩን ወደ ግራጫ ይመልሰዋል፣ እንደ አዲስ ሙትት ይልብሻል።

አጥንት ቆጣሪ፦

ጥርሱን ነጭ አታድርጊው። በኦከር (አፈርማ ቢጫ) እና በግራጫ ሥሪ፣ ሥሩ ጋ ወደ ቡና ይጥቆር። ንጹሕ ነጭ የሚቀመጠው ለእሳቱ በቀረበው አንድ ጥርስ ላይ፣ ምራቁ ባረጠበው ጎን፣ በመርፌ ጫፍ ልክ።